ወጣቱን ጠርተን ምን እናሠራው? ከእድገት በኅብረት ዘመቻ እስከ ዛሬው ኺድማ



ክረምት ሲመጣ በየከተማው የምናየው ነገር አለ። ወጣቶች ይመዘገባሉ፣ ቲሸርት ይታደላል፣ አንድ ቅዳሜ ችግኝ ይተከላል፣ ፎቶ ይነሳል። ረመዷን ሲመጣ ደግሞ በጎዳና ኢፍጣር ላይ ምንጣፍ የሚያነጥፈው፣ ቴምርና ውሃ የሚያድለው፣ በተራዊሕ ሰዓት በር ላይ ቆሞ ሰው የሚያስተናግደው ይኸው ወጣት ነው። ፍላጎቱ አለ፤ ይህን የሚክድ የለም። ግን ከተመዘገቡት ውስጥ ስንቶቹ በሁለተኛው ወር ይገኛሉ? ስንቶቹስ "እኔ ባልኖር ይህ ሥራ ይጎድል ነበር" ብለው ወደ ቤታቸው ይገባሉ?

ብዙ ጊዜ መልሱን ከወጣቱ ላይ እንፈልገዋለን። "የዛሬ ልጅ ትዕግሥት የለውም"፣ "ስልኩ ላይ ተጥዶ ነው የሚውለው" እንላለን። የአገራችን ታሪክ ግን ሌላ ነገር ያሳያል። ባለፉት 60 ዓመታት ኢትዮጵያ ወጣቶቿን ለአገልግሎት በሰፊው የጠራችባቸው ጊዜያት ነበሩ። የወጣቱ ልብ በሁሉም ጊዜ ያው ነበር፤ ውጤቱ ግን የሰማይና የምድር ያህል ተለያየ። ልዩነቱን ያመጣው ጠሪው ነው፤ ጥሪውን ከማሰማቱ በፊት ያዘጋጀውና ያላዘጋጀው ነገር ነው። ዛሬ ይህንን ታሪክ እናያለን ኢንሻአላህ። (ዓመቶቹ በሙሉ በኢትዮጵያ አቆጣጠር ናቸው።)

ከዩኒቨርሲቲው እንጀምር። በ1957 የያኔው ቀዳማዊ ኃይለ ሥላሴ ዩኒቨርሲቲ ተማሪዎቹን አንድ ዓመት ሙሉ ወደየጠቅላይ ግዛቱ መላክ ጀመረ። ተማሪው ሦስት ዓመት ተምሮ፣ አንድ ዓመት አገልግሎ፣ ተመልሶ ትምህርቱን ይጨርሳል። አገልግሎቱ ለዲግሪ ግዴታ ስለነበር በጎ ፈቃድ ነው ለማለት ይከብዳል። ሆኖም ልብ በሉ፤ የሚሄደው ልጅ ሥራው ምን እንደሆነ ያውቃል። አብዛኞቹ መምህር ሆነው ነው የተመደቡት። ክፍሉ አለ፣ ተማሪው አለ፣ ሰሌዳው አለ። መቼ እንደሚጀምርና መቼ እንደሚያበቃ ይታወቃል። በዚያ ዘመን በብዙ የጠቅላይ ግዛት ከተሞች የተማረ አስተማሪ ብርቅ ነበርና ልጁ ባይመጣ ክፍሉ ባዶ ሊቀር ይችል ነበር። ይህን አንድ ነገር ያዙልኝ፤ እመለስበታለሁ።

አሁን ወደ ትልቁ ጥሪ እንለፍ፣ ወደ 1967።

ያ ዘመን ለእኛም ለሙስሊሞቹ የተለየ ዘመን ነበር። ሚያዝያ 12 ቀን 1966 እጅግ ብዙ ሙስሊሞች በአዲስ አበባ አደባባይ ወጥተው የእኩልነት ጥያቄ አሰምተዋል። ክርስቲያን ወገኖችና ተማሪዎችም አብረዋቸው ተሰልፈዋል። በሚቀጥለው ዓመት በዓሎቻችን ብሔራዊ በዓል ሆነው ታወጁ። ስለዚህ የዚያን ጊዜ የሙስሊም ልጅ "አገሬ ሰው አድርጋ ቆጠረችኝ" የሚል ተስፋ ይዞ ነበር። ከዚያ ሰልፍ ልክ ስምንት ወር በኋላ፣ ታኅሣሥ 12 ቀን 1967፣ ደርግ "እድገት በኅብረት የእውቀትና የሥራ ዘመቻ"ን ጀመረ። ዩኒቨርሲቲው ተዘጋ። የከፍተኛ ሁለተኛ ደረጃ ክፍሎችም ተዘጉ። ወደ 60,000 የሚጠጉ ተማሪዎችና መምህራን የካኪ ልብስ ለብሰው ወደ ገጠር ተላኩ።

ብዙዎቹ በቅን ልብ ነው የሄዱት። የከተማ ልጅ ነበሩ፤ ለመጀመሪያ ጊዜ ከገበሬው ጋር አንድ መደብ ላይ ተኙ፣ ጉድጓድ ቆፈሩ፣ ፊደል አስቆጠሩ። ሴቶች ልጆችም ከቤተሰብ ርቀው ዘምተዋል። ይህ በጊዜው ቀላል ነገር አልነበረም።

ችግሩ የጀመረው ከላይ ነው። ጥሪውን ያሰማው መንግሥትና ጥሪውን የተቀበለው ወጣት የተለያየ ነገር ነበር የሚያስቡት። ወታደሮቹ ሥልጣን ከያዙ ገና ሦስት ወራቸው ነበር፤ በከተማ ውስጥ ደግሞ "ሥልጣን ለሕዝብ ይመለስ" እያለ የሚያስቸግራቸው ዋናው ኃይል ተማሪው ነው። ብዙ የታሪክ ጸሐፊዎች ዘመቻው ተማሪውን ከአዲስ አበባ የማራቅ ዓላማም እንደነበረው ይስማማሉ። ተማሪውም ይህን አልሳተም። እየጠረጠረ ሄደ። አለመሄድ ደግሞ አይቻልም፤ ያልዘመተ ትምህርቱን መቀጠል አይችልምና። ገና ከመነሻው በመተማመን ያልቆመ አገልግሎት ነበር ማለት ነው።

ከዚያ ሥራው መሃል ላይ ተለወጠ። ዘመቻው ሁለት ወር ተኩል እንኳ ሳይሞላው፣ የካቲት 25 ቀን 1967፣ የገጠር መሬትን የሕዝብ ሀብት የሚያደርገው አዋጅ ቁጥር 31 ወጣ። ፊደል ሊያስቆጥርና ጉድጓድ ሊቆፍር የሄደው የ18 ዓመት ልጅ በአንድ ጀምበር የገበሬ ማኅበር አደራጅ ሆነ፤ የባለ ርስትንና የጭሰኛን ጠብ የሚዳኝ ሆነ። ማን አሠለጠነው? ሕጉን ማን አስረዳው? ባለ ርስቱ ጠመንጃ ይዞ ቢመጣ ማን ይደርስለታል? የአካባቢው ፖሊስና አስተዳዳሪ ብዙ ቦታ ላይ ከባለ ርስቱ ጋር የቆየ ዝምድና ነበረው። ተማሪው በበኩሉ "አዋጁ የእኛ ጥያቄ ነው" ብሎ ከአዋጁም አልፎ መሄድ ጀመረ። ግጭት ተነሳ። በጅማ አካባቢ የተፈጠረው በተለይ ብዙ ጊዜ ይጠቀሳል። የታሰሩ አሉ፣ የተገደሉ አሉ፤ ምድባቸውን ጥለው የተመለሱትም ብዙ ናቸው። በ1968 ዘመቻው ሲያበቃ ከዘማቹ ትልቅ ክፍል ከመንግሥት ጋር ዐይንና ናጫ ሆኖ ነበር። ከዚያ በኋላ የመጣውን ሁላችንም እናውቀዋለን። ቀይ ሽብር ከበላቸው ልጆች ውስጥ ስንቱ የካኪ ልብሱን ገና ሳጥን ውስጥ አስቀምጦ እንደነበር አላህ ይወቀው።

አንዳንድ ሰው ይህን ታሪክ ሲያወራ "ወጣቱ ችኩል ስለነበር ተበላሸ" ይላል። እኔ አልስማማም። ችኩልነቱ አልጠፋም፤ በ18 ዓመት ችኩል ያልሆነ ማን አለ? ነገር ግን ልጁን ያለ ሥልጠና የልኩ ካልሆነ ሥራ ውስጥ የከተተው፣ ከከተተውም በኋላ ያልጠበቀው ታላቁ ነው። ጉድጓድ ቆፋሪ ብለህ ጠርተህ ዳኛ አድርገህ ማሰማራት የአደራጁ ጥፋት ነው።

በሦስት ዓመት ውስጥ ይኸው መንግሥት ሌላ ጥሪ አሰማ። ሐምሌ 1 ቀን 1971 የመሠረተ ትምህርት ዘመቻ ተጀመረ። እናቶቻችንና አያቶቻችን ዛሬም "መሠረተ ትምህርት ተምሬያለሁ" ሲሉ ይህንን ነው። ከብዙ ቤት ቁም ሣጥን ውስጥ ያ ሰርተፍኬት ተጣጥፎ ይገኛል፤ ጠይቋቸው፣ ያሳዩአችኋል።

ያው ደርግ ነው፣ ያው አስገዳጅነት አለ፣ ከቀይ ሽብር ማግስት ስለሆነ ፍርሃቱም አለ። ይህን መደበቅ አያስፈልግም። ቢሆንም ሥራው ከ1967ቱ በጣም በተለየ መንገድ ነው የታሰበው። የተጠየቀው አንድ ነገር ነው፦ የተማረ ያስተምር፣ ያልተማረ ይማር። አስተማሪው እጅ ላይ የተዘጋጀ መጽሐፍ አለ። በየቦታው በአንዴ አልተበተኑም፤ መጀመሪያ ከከተሞች ተጀመረ፣ በኋላ ወደ ገጠር ወጣ። ሥራው በዙር በዙር የተከፋፈለ ነው። ዙሩ ሲያበቃ ፈተና አለ፣ ያለፈ ሰርተፍኬት ይቀበላል፣ የወደቀ ደግሞ በማጠናከሪያው ይገባል። በክረምት ትምህርት ቤት ሲዘጋ የ11ኛና የ12ኛ ክፍል ልጅ የሰፈሩን እናቶች ያስተምራል። ተማሪዋ "ሀ ሁ" የማታውቅ ሆና ገብታ ስሟን ጽፋ ስትወጣ በዐይኑ ያያል። ለአንድ በጎ ፈቃደኛ ከዚህ የበለጠ ደመወዝ የለም።

ቋንቋም አሰቡበት። በአማርኛ፣ በኦሮምኛ፣ በትግርኛ፣ በወላይትኛና በሶማልኛ ተጀምሮ ቆይቶ ወደ 15 ቋንቋዎች ደረሰ። አፋርኛ፣ ስልጥኛ፣ ሳሆና ትግረም ገቡበት። በ1972 መጨረሻ ዘመቻው ከዩኔስኮ ዓለም አቀፍ የመሠረተ ትምህርት ሽልማት አገኘ። መንግሥት ከአብዮቱ በፊት 7 በመቶ ገደማ ነበር የሚባለውን ማንበብና መጻፍ የሚችል ሕዝብ ከ60 በመቶ በላይ አድርሻለሁ ብሎ ያወጀበት ጊዜም መጣ። ይህን ቁጥር እንደወረደ መቀበል አይገባም። ስሙን መጻፍ የቻለና ጋዜጣ ማንበብ የቻለ አንድ ላይ ተቆጥሯል። ብዙ ሰውም ተምሮ ሲያበቃ የሚያነበው ነገር በእጁ ስላልነበረ ፊደሉን መልሶ ረሳው። እዚህ ጋ የአደራጆቹ ድካም ታየ። "ከተማረ በኋላስ?" የሚለው ጥያቄ ዘግይቶ ነው የተጠየቀው።

በነገራችን ላይ አንድ እኛን የሚመለከት ነገር አለ። 15ቱም ቋንቋዎች የተጻፉት በግእዝ ፊደል ነው። በወሎ፣ በሐረር፣ በጅማ ግን ቁርኣን ቤት ያደገ፣ ዐረብኛ ሐርፍ የሚያውቅ፣ የገዛ ቋንቋውን በዐጀሚ የሚጽፍ ሰው ለዘመናት ነበር። መንዙማው የሚጻፈው እንዲያ አልነበረምን? እንዲህ ያለ አዛውንት የ17 ዓመት አስተማሪ ፊት ተቀምጦ "ፊደል የማያውቅ" ተብሎ ሲመዘገብ ምን ይሰማዋል? ልጁም ቢሆን አዛውንቱ ምን እንደሚያውቁ ቀድሞ የነገረው ሰው ቢኖር ኖሮ እንደ መሃይም ሳይሆን እንደ ዓሊም ይቀርባቸው ነበር። የምትልከውን ልጅ ስለምትልክበት ሕዝብ ማስተማር የሥልጠናው አካል ነው። ዛሬም ለዘካ ክፍፍል ወይም ለእርዳታ ምዝገባ የሰው ቤት የሚገቡ ወንድምና እህቶቻችንን ስናይ ይህ ትዝ ሊለን ይገባል።

ከመንግሥት ዘመቻዎች ወጥተን ወደ ራሳችን ጓዳ ስንገባ ደግሞ ከእነዚህ ሁሉ የቀደመ ልምድ እናገኛለን፤ የደረሳው ሥርዓት። በወሎ እነ ጀማ ንጉሥ፣ እነ ዳና፣ እነ ሾንኬ ስማቸው የገነነው በዚሁ ነው። ደረሳው ከሩቅ አገር በእግሩ መጥቶ ሼኹ ዘንድ ይቀራል። ውሃ ይቀዳል፣ እንጨት ይለቅማል፣ የሼኹን እርሻ ያግዛል። የአካባቢው ሰው ያበላዋል። ይህ ኺድማ ነው። ግን ኺድማው ብቻውን አልቆመም። ያው ልጅ ኪታቡን ይቀራል፣ የቀራውን ከእሱ በታች ላሉት ያስቀራል፤ ሲበቃ ኢጃዛ ይዞ ወደ አገሩ ይመለስና እሱም ወንበር ይዘረጋል። እንጨት የሚለቅመው ልጅ ነገ ሼኽ የሚሆነው ያው ልጅ ነው። ማንም "ይህ ጉልበቱ፣ ያ ደግሞ ዕውቀቱ" ብሎ አልከፈለውም።

እኛ ዘንድ አሁን የተቋረጠው ይህ መስመር ይመስለኛል። በከተማ መስጂዶቻችን ኻዲም የሚባለው ልጅ በር ላይ የሚቆመው ነው። ሁለት ዓመት፣ ሦስት ዓመት በር ላይ ይቆማል፤ በሦስተኛው ዓመትም ሥራው ያው በር ነው። አንድ የማውቀው ጀመዓ ውስጥ የነርስነት ትምህርቷን ልታጠናቅቅ ጥቂት የቀራት እህት ሙሉውን ረመዷን ሳምቡሳ በፌስታል ስትቋጥር ከረመች። በዚያው ግቢ በየማታው ስኳርና ደም ግፊት ያለባቸው እናቶች "ጾሙን እንዴት ላድርግ፣ መድኃኒቱንስ መቼ ልዋጥ?" እያሉ የሚጠይቁት ሰው ያጡ ነበር። እሷን የጠየቃት የለም። ሐኪም ቤት የሚያስፈልጋቸውን ለይታ መላክ እንኳ ትችል ነበር። መዝገቡ ላይ የተጻፈው ስሟና ስልኳ ብቻ ነው፤ ምን እንደምትችል የሚጠይቅ መስመር ወረቀቱ ላይ አልነበረም።

ይህን ስል "ሳምቡሳ መቋጠርን ናቅህ ወይ?" የሚለኝ ይኖራል። አልናቅሁም፤ ማን ሆኜ! የነቢያችንን ﷺ መስጂድ ትጠርግ የነበረችው ሴት ስትሞት "ለምን አልነገራችሁኝም?" ብለው መቃብሯ ድረስ ሄደው እንደሰገዱባት ሁላችንም ተምረናል። መጥረግ ትልቅ ሥራ ነው። ኢኽላስ ካለ ትንሽ የሚባል ኺድማ የለም። ነገር ግን ኢኽላስ የአገልጋዩ ጉዳይ ነው፤ ኢትቃን፣ ማለትም ሥራን አሳምሮ መሥራት፣ የአደራጁም ግዴታ ነው። እኚሁ ነቢይ ﷺ ገና ለአቅመ አዳም ያልደረሰውን ዘይድ ኢብኑ ሣቢትን ወደ ጦር ሜዳ አላሰለፉትም፤ መለሱት። የማስታወስና የመጻፍ ችሎታውን ሲያዩ ግን የአይሁዶችን ጽሕፈት እንዲማር አዘዙት፣ ጸሐፊያቸውም ሆነ። አቡበከር (ረ.ዐ) ቁርኣንን የማሰባሰቡን ከባድ አደራ የሰጡት ለዚሁ ወጣት ነው፤ ያኔ ገና በሃያዎቹ መጀመሪያ ላይ ነበር። ልጁን ጉልበት ብቻ አድርጎ ያየው ሰው ቢሆን ኖሮ ከጦር ሜዳ ሲመለስ "እንግዲያው ውሃ ቅዳ" ተብሎ ይቀር ነበር።

እንግዲህ ታሪኩን ይዘን የዛሬውን እንመልከት። የ2014 የ12ኛ ክፍል ብሔራዊ ፈተና ውጤት ሲወጣ ከተፈተኑት ውስጥ ግማሽና ከዚያ በላይ ያመጡት 3.3 በመቶ ብቻ መሆናቸው ተነገረ። ያ ቁጥር ያስደነገጠው ሁላችንንም ነው። እስኪ አስቡት፤ በየከተማው መስጂድ በር ላይ የሚቆመው ኻዲም ብዙ ጊዜ የዩኒቨርሲቲ ተማሪ ነው። ክረምት ላይ ለሁለት ወር ተኩል ቤቱ ነው። በዚያው መስጂድ ለመግሪብ የሚመጣው የ11ኛ ክፍል ልጅ ደግሞ ሒሳብ የሚያስረዳው አጥቷል። የመድረሳው ክፍል ከዐስር በኋላ ባዶ ነው። የ1957ቱ ልጅ ክፍሉ ሲሰጠው ለምን እንደሠራ፣ የ1971ዱ ልጅ መጽሐፉ ሲሰጠው ለምን እንደተሳካለት እያወቅን እኛ ክፍሉንም ልጁንም ይዘን አለማገናኘታችን ምን ይባላል?

ማስጠናት ግን "ና አስጠና" ተብሎ አይጀመርም። የፊዚክስ ተማሪ ሁሉ ፊዚክስ ማስረዳት አይችልም። ከሰፈሩ አንድ ልምድ ያለው መምህር ተለምኖ በሰኔ ሁለት ሳምንት ልጆቹን ቢያለማምዳቸው፣ ለአንድ አስጠኚ ከስምንትና ከአሥር ልጅ በላይ ባይሰጠው፣ ሐምሌ መግቢያ ላይ ተጀምሮ ጳጉሜ ላይ ቢያበቃ፣ መጨረሻውም በፈተና ቢታይ፣ ይህ ከገንዘብ ይልቅ ሐሳብ የሚፈልግ ነገር ነው። አስጠኚውም ከዚያ የሚያገኘው ነገር ይኑር፤ መስጂዱ "ይህን ያህል ሰዓት፣ ይህን ትምህርት አስተምሯል" የሚል ደብዳቤ ቢሰጠው ነገ ሥራ ሲፈልግ ይረዳዋል። አንዳንድ ወንድሞች ይህን ሲሰሙ "ኒያውን ያበላሽበታል" ይላሉ። ደረሳውም ኢጃዛ ይቀበል ነበር እኮ!

የመጀመሪያ እርዳታም እንዲሁ ነው። የኢትዮጵያ ቀይ መስቀል ማኅበር ከ1927 ጀምሮ ያለ ነው፤ የመጀመሪያ እርዳታ ማሠልጠን አንዱ ሥራው ነው። ዒድ ሰላት ላይ ያን ያህል ሕዝብ ሲሰበሰብ ፀሐይ ጥሎት የሚወድቅ አዛውንት አይጠፋም። ሰደርያ ከለበሱት አንድ መቶ ልጆች ውስጥ አሥሩ የሠለጠኑ ቢሆኑ፣ ሴቶች በኩልም የሠለጠኑ እህቶች ቢኖሩ፣ የሰደርያው ትርጉም ይለወጣል።

ለመስጂድ ኮሚቴዎችና ለጀመዓ አሚሮች አንድ ልመና አለኝ። ዘንድሮ የመመዝገቢያውን ወረቀት ስታዘጋጁ ከስምና ከስልክ ቀጥሎ ሁለት መስመር ጨምሩ፦ "ምን ተምረሃል?" እና "ምን መማር ትፈልጋለህ?" ወረቀቱ ሲሞላም ፋይል ውስጥ አይቀመጥ፤ አንድ ሰው ተቀምጦ ያንብበው። ያ አንባቢ ለእያንዳንዱ ልጅ ሥራ፣ አሠልጣኝና ማብቂያ ቀን እስኪያገኝለት ድረስ ልጁን አትጥሩት።

እናንተም ወጣቶች፣ በዚህ ክረምት ስማችሁን ከማስመዝገባችሁ በፊት ጠይቁ፤ መጠየቅ ኩራት አይደለም። ሥራው ምንድን ነው? የሚያሳየኝ ማን ነው? ስንት ሳምንት ነው? እኔ ስሄድ ማን ይረከበዋል? የ1967 ዘማቾች እነዚህን ጥያቄዎች የሚመልስላቸው አላገኙም ነበር። መልስ ካጣችሁ ደግሞ ተናዳችሁ አትቅሩ፤ ሦስት አራት ሆናችሁ ኢማሙ ዘንድ ግቡና "የመድረሳውን ክፍል ከዐስር እስከ መግሪብ ስጡን፣ ለ11ኛ ክፍል ልጆች ሒሳብ እናስጠና፣ አባባ እከሌ ጡረታ የወጡት መምህር ያለማምዱን" በሏቸው። ቁልፉን የሚከለክላችሁ ይኖራል ብዬ አላስብም።

ወላሁ አዕለም።